ፓኬጁ ይደግ ወይስ ቤቱ ይስተካከል?

ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን በብዙ የከተማ ቤት ተመሳሳይ ቅሬታ ይሰማል። ተማሪው የከፈተው የትምህርት ቪዲዮ መሃል ላይ ቆሞ ይሽከረከራል። እናት ዋሽንግተን ካለች እህቷ ጋር በቪዲዮ እየተነጋገረች "ትሰሚኛለሽ? ምስልሽ ቆመ እኮ!" ትላለች። አባት ለመሥሪያ ቤቱ የሚልከው ፋይል አልሄድ ብሎት ስልኩን ይዞ ከክፍል ክፍል ይዞራል። ወሩ ሲያልቅ ግን ክፍያው ሳይጓደል ይከፈላል። ምክር ሰጪ የሚበዛው በዚህ ጊዜ ነው። አንዱ ዘመድ "ዋናው ፍጥነት ነው፤ ፓኬጁን ከፍ አድርጉት" ይላል። ሌላው ደግሞ "ብራችሁን አታባክኑ፤ ችግሩ ያለው ራውተሩና ግድግዳው ጋ ነው" ይላል።

ሁለቱም ምክሮች ከልምድ የመጡ ናቸው። ሁለቱም መፍትሔ የሆኑባቸው ቤቶች አሉ፤ ሁለቱም ገንዘብ አስወጥተው ምንም ያልፈየዱባቸው ቤቶችም አሉ። ጉዳዩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ለወር ገቢተኛ ቤተሰብ ግን ትንሽ አይደለም። የተሻለ ራውተር አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ከፍ ያለ ፓኬጅ ግን በየወሩ ይከፈላል። ያለ ቦታው የወጣ የፓኬጅ ጭማሪ ዓመት ሙሉ አሥራ ሁለት ጊዜ የሚደጋገም ኪሳራ ነው። በሌላ በኩል በቂ ፍጥነት የሌለውን መስመር በራውተርና በገመድ ለማዳን መሞከርም ገንዘብንም ትዕግሥትንም ይጨርሳል። ስለዚህ የሁለቱን ወገኖች ክርክር በየተራ አድምጦ መመዘን ተገቢ ነው።

ከሁሉ በፊት መንገዱን እንወቅ። አንድ ቪዲዮ ስልካችን ላይ እስኪደርስ በአራት ክፍሎች ያልፋል። የመጀመሪያው ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለው የዋይፋይ አየር ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ እስከ ቴሌኮም ድርጅቱ ጣቢያ የሚዘረጋው የመዳብ ወይም የፋይበር መስመር ነው። ሦስተኛው የድርጅቱ የራሱ ኔትወርክ ነው። አራተኛው ከአገር ውጭ፣ ድረ ገጹ ወይም ቪዲዮው እስከተቀመጠበት ኮምፒውተር የሚደርሰው ዓለም አቀፍ መስመር ነው። የጠቅላላውን መንገድ ፍጥነት የሚወስነው ከአራቱ ጠባቡ ክፍል ነው። በወር የምንገዛው ፓኬጅ ደግሞ በቀጥታ የሚቆጣጠረው ሁለተኛውን ክፍል ብቻ ነው። የክርክሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ፓኬጁ ይደግ የሚሉት

የእነዚህ ወገኖች ክርክር ከሒሳብ ይነሳል፤ ሒሳቡም ጠንካራ ነው። ኔትፍሊክስ ለደንበኞቹ በሰጠው መመሪያ መሠረት ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰከንድ 5 ሜጋ ቢት፣ 4ኬ የሚባለው ከፍተኛ ጥራት ደግሞ 15 ሜጋ ቢት ይፈልጋል። የሁለት ሰዎች የቪዲዮ ጥሪ እንደ ምስሉ ጥራት ከ1 እስከ 4 ሜጋ ቢት ይወስዳል። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊልም ሲያሳይ፣ አንዱ ክፍል ጥሪ ላይ ሲሆን፣ ሌላው ክፍል ዩቲዩብ ሲከፈት፣ በዚያው ላይ ኪስ ውስጥ የተቀመጡት ስልኮች መተግበሪያዎቻቸውን ሲያድሱ፣ ድምሩ ከ10 ሜጋ ቢት በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለው ቤት 5 ሜጋ ቢት ብቻ ካለው ራውተሩ የትም ቢቀመጥ ሒሳቡ አይለወጥም።

ትልልቅ ፋይሎችን በተመለከተ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። አንድ ጊጋ ባይት የሚሆን ፋይል በ10 ሜጋ ቢት መስመር ለማውረድ 13 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በ50 ሜጋ ቢት መስመር ግን ከሦስት ደቂቃ በታች ያልቃል። ስሌቱ የሚሠራው አንድ ባይት ስምንት ቢት መሆኑን ካስታወስን ነው። ድርጅቶች ፓኬጅ የሚሸጡት በሜጋ ቢት ሲሆን ኮምፒውተር ፋይል ሲያወርድ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ በሜጋ ባይት ነው። ስለዚህ የ40 ሜጋ ቢት ደንበኛ በኮምፒውተሩ ላይ 5 ሜጋ ባይት ቢያይ የገዛው ፍጥነት በሙሉ እየደረሰው ነው ማለት ነው። ይህን ባለማወቅ "ተታለልኩ" የሚል ደንበኛ አለ፤ ቅሬታው በዚህ ረገድ ትክክል አይደለም።

ሌላው ጠንካራ ነጥባቸው የመላኪያ ፍጥነት ነው። በመዳብ የስልክ መስመር የሚሠራው ኤዲኤስኤል ለማውረድ ሰፊ፣ ለመላክ ጠባብ ሆኖ የተቀረጸ ቴክኖሎጂ ነው። የተሻሻለው ዓይነቱ እንኳ በወረቀት ላይ ለማውረድ እስከ 24 ሜጋ ቢት ሲሰጥ ለመላክ የሚሰጠው በአብዛኛው 1 ሜጋ ቢት ገደማ ነው። በዚህ መስመር 200 ሜጋ ባይት የሚመዝን የሠርግ ቪዲዮ ለዘመድ ለመላክ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ቤታቸው ሆነው ለውጭ ድርጅት ለሚሠሩ፣ ቪዲዮ እያቀናበሩ ለሚኖሩ፣ በኦንላይን ለሚያስተምሩ ሰዎች ይህ የዕለት እንጀራ ጉዳይ ነው። ለእነዚህ ሰዎች ከመዳብ ወደ ፋይበር መሻገር ከማናቸውም የቤት ውስጥ ማስተካከያ ይበልጣል።

የፍላጎቱ ዕድገት በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ መስመር ብሮድባንድ ለመባል ለማውረድ 25፣ ለመላክ 3 ሜጋ ቢት ይበቃዋል ብሎ ነበር። በ2024 ግን መለኪያውን ወደ 100 እና 20 ከፍ አድርጎታል። ድረ ገጾችም ቪዲዮዎችም እየከበዱ መምጣታቸው እውነት ነው፤ ትናንት የበቃ ፓኬጅ ዛሬ ላይበቃ ይችላል።

በዚህ ላይ የሰውን ጊዜና አቅም የሚመለከት መከራከሪያም አላቸው። ሁሉም ቤት ቴክኒክ የሚያውቅ ሰው የለውም። አረጋውያን ወላጆች ብቻቸውን በሚኖሩበት ቤት የራውተር ገጽ ከፍቶ ቻናል መቀየር ቀላል አይደለም። ያልገባውን ነገር የነካካ ሰው መስመሩን ጨርሶ ሊያቋርጠውም ይችላል። ፓኬጅ ማሳደግ ግን በአንድ ስልክ ወይም በአንድ መተግበሪያ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ይህ መከራከሪያ ሊናቅ አይገባም።

ቤቱ ይስተካከል የሚሉት

የሁለተኛው ወገን ክርክር ከግድግዳው ይነሳል። ዋይፋይ የሬዲዮ ሞገድ ነው፤ ሲሚንቶ፣ ብረትና ውሃ ያዳክሙታል። የከተሞቻችን ቤቶች ደግሞ በእነዚህ የተሞሉ ናቸው። የኮንዶሚኒየም ወለል ኮንክሪት ነው። የግቢ ቤቶች የብረት በርና የቆርቆሮ ክዳን አላቸው። ራውተሩ ትልቁ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ ያውም ከቴሌቪዥኑ ኋላ ወይም ቡፌው ውስጥ ተደብቆ፣ ሰርቪስ ቤት የሚያጠናው ልጅ ጋ ሲግናሉ እንዲደርስ ይጠበቃል። ቴክኒሻኑ ራውተሩን የሚተክለው ብዙ ጊዜ ገመዱ በገባበት ጥግ ነው፤ ያ ጥግ ለገመዱ አጭር ስለሆነ እንጂ ለቤተሰቡ ስለሚመች አይደለም።

ጎረቤትም አለ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ የስልክ የዋይፋይ ዝርዝር ቢከፈት የአሥርና የሃያ ቤት ስም ይደረደራል። አብዛኞቹ የሚሠሩት 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው ሞገድ ላይ ሲሆን በዚያ ሞገድ ላይ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ሃያ ቤት ሦስት ቻናል ሲሻማ እያንዳንዱ ራውተር ተራ እየጠበቀ ይናገራል። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ብዙ ቻናሎች ያሉትና ፈጣን ነው፤ ግድግዳ የማለፍ አቅሙ ግን ደካማ ነው። ስለዚህ ራውተሩ ባለበት ክፍል ላሉ መሣሪያዎች 5፣ ራቅ ላሉት 2.4 መጠቀም ይመረጣል። ብዙ ሰው ሁለቱንም የሚሰጥ ራውተር እያለው በ2.4 ብቻ ሲጠቀም ይኖራል።

አየሩ የጋራ መሆኑም ሌላ ውጤት አለው። በአንድ ቻናል ላይ በአንድ ቅጽበት የሚናገረው አንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ሩቅ ያለ፣ ሲግናሉ የደከመ ስልክ ያንኑ መጠን ያለው መረጃ ለመቀበል ረጅም የአየር ጊዜ ይይዛል። በዚህም ምክንያት ጓዳ ውስጥ ያለው አሮጌ ስልክ ሳሎን ያለውን አዲስ ኮምፒውተር ያንቀራፍፈዋል። ፓኬጁ 10 ይሁን 100 ሜጋ ቢት፣ ይህ አይለወጥም።

ገመድም የራሱ ወሰን አለው። የቆየ ራውተር የገመድ ማስገቢያው ከ100 ሜጋ ቢት በላይ ላያሳልፍ ይችላል። አዲስም ቢሆን በገመዱ ውስጥ ካሉት አራት ጥንድ ሽቦዎች አንዱ ከተበጠሰ ግንኙነቱ ከ1,000 ወደ 100 ሜጋ ቢት ይወርዳል። የ200 ሜጋ ቢት ፓኬጅ የገዛ ሰው በዚህ ምክንያት ግማሹን እንኳ ሳያገኝ ሊኖር ይችላል፤ ለማያየው ፍጥነት ግን በየወሩ ይከፍላል።

የዚህ ወገን ትልቁ ጥንካሬ መፍትሔዎቹ ርካሽ መሆናቸው ነው። ራውተሩን ከቡፌው አውጥቶ ቤቱ መሃል፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ወጪ የለውም። ቻናል መቀየርም እንዲሁ። ቦታው የማይለወጠውን ቴሌቪዥንና የጠረጴዛ ኮምፒውተር በገመድ ማገናኘት ለእነሱ የተረጋጋ ፍጥነት ይሰጣል፤ አየሩንም ለስልኮቹ ያስለቅቃል። ለጎረቤት፣ ለእንግዳ፣ ለሱቁ ልጅ ሲሰጥ የቆየውን ፓስወርድ መለወጥም ብዙ ጊዜ የጠፋውን ፍጥነት ይመልሳል። መብራት ሲቆራረጥ ራውተሩን የሚያቆይ አነስተኛ ባትሪ ማስገባት ደግሞ ጄኔሬተርም ሆነ ትልቅ ኢንቨርተር ለሌለው ቤት ጥሩ እፎይታ ነው።

ግን የዚህ ወገን ምክርም ድክመት አለው። ገበያው "ሲግናል ማራዘሚያ" በሚባሉ ዕቃዎች ተሞልቷል። ርካሾቹ በአንድ ሬዲዮ ተቀብለው በዚያው ሬዲዮ መልሰው ስለሚያስተላልፉ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሱታል፤ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ ቪዲዮው ግን ይቆማል። ከዋናው ቤት እስከ ሰርቪስ ቤት አንድ ገመድ ዘርግቶ ጫፉ ላይ ሁለተኛ ራውተር መትከል በብዙ እጥፍ ይሻላል። ብቃት ያለው ዓይነት አምስት ኢ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ 1,000 ሜጋ ቢት ያደርሳል። በሌላ በኩል ግድግዳ መብሳት ለተከራይ ሁልጊዜ የሚፈቀድ ነገር አይደለም። የድረ ገጽን ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረውን ዲኤንኤስ መለወጥን እንደ ፈውስ የሚናገሩም አሉ፤ እሱ ድረ ገጹ ለመከፈት የሚወስደውን የመጀመሪያ ቅጽበት ሊያሳጥር ይችላል፤ ቪዲዮ የሚወርድበትን ፍጥነት ግን አይጨምርም።

ፍጥነትና መዘግየት

ሁለቱም ወገኖች በፍጥነት ላይ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ የሚረሱት ሌላ መለኪያ አለ፤ እሱም መዘግየት ነው። ስንነካ እስኪመልስ የሚያልፈው ጊዜ ማለት ነው፤ የጨዋታ ወዳጆች ፒንግ ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የጉግል መሐንዲስ የነበረው ማይክ ቤልሺ ባደረገው ጥናት የመስመሩ ፍጥነት ከ5 ወደ 10 ሜጋ ቢት እጥፍ ሲያድግ ድረ ገጾች የሚከፈቱበት ጊዜ የቀነሰው በ5 በመቶ ገደማ ብቻ እንደሆነ አሳየ። መዘግየቱ በተቀነሰ ቁጥር ግን ገጾቹ ያለማቋረጥ እየፈጠኑ ሄዱ። ድረ ገጾች ከዚያ ወዲህ ከብደዋል፤ ቁጥሮቹ ዛሬ እንዳሉ ላይወሰዱ ይችላሉ። መሠረቱ ግን አልተለወጠም፤ አንድ ገጽ ለመክፈት ብዙ ጊዜ መመላለስ ስለሚያስፈልግ ምልልሱ ከረዘመ ስፋቱ ብቻውን አያድንም።

ከመዘግየት ከፊሉን ማንም ሊቀንሰው አይችልም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ ቢያንስ 115 ሚሊ ሰከንድ ይወስዳል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ስለማይሄድም በተግባር ከዚያ ይበልጣል። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ጥሪ ጥሩ ብሎ የሚያስቀምጠው መዘግየት በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ ነው። ስለዚህ ከኢትዮጵያ አሜሪካ የሚደረግ ጥሪ ከመነሻው የተሰጠው ትርፍ ጊዜ ጥቂት ነው። ያንን ጥቂት ትርፍ የሚበላው ብዙውን ጊዜ የራሳችን ቤት ነው።

እንዴት ቢሉ፣ በወረፋ። ራውተር ወይም ሞደም መስመሩ ሲሞላበት የመጣውን መረጃ ማጠራቀሚያው ውስጥ ያሰልፋል። አንድ ሰው ትልቅ ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ መጫን ሲጀምር ማጠራቀሚያው በእሱ ይሞላል፤ የእናት ጥሪ ከኋላ ተሰልፎ ይጠብቃል። ቀበሌ መስኮት ላይ ሙሉ ዶሴ ይዞ የቆመ ባለጉዳይ አንዲት ፊርማ ብቻ የፈለገችውን ሴት ሲያስጠብቃት እንደማለት ነው። ጂም ጌቲስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ችግር ከገዛ ቤቱ መስመር ላይ ተነስቶ ለዓለም አስረዳ። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 ወረፋውን የሚያሳጥር ዘዴ አቀረቡ። ከዚያ የተወለደውና እያንዳንዱን ግንኙነት በየተራ የሚያስተናግደው ዘዴ በ2018 በኢንተርኔት ደረጃ አውጪዎች ሰነድ ሆኖ ታተመ። ዛሬ በአንዳንድ ራውተሮች ላይ ተሠርቶ ይመጣል፤ ኦፕንደብልዩአርቲ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር የሚሠሩትም አላቸው።

እዚህ ላይ ሁለቱም ወገኖች ሊከራከሩ ይችላሉ። ፓኬጅ ይደግ የሚለው ወገን "መስመሩ ከሰፋ ወረፋው ቶሎ ያልቃል" ይላል፤ ልክ ነው። ቤቱ ይስተካከል የሚለው ደግሞ "መስመሩ ቢሰፋም አንድ ትልቅ ፋይል ሲመጣ መልሶ ይሞላል፤ ወረፋውን የሚያስተዳድር ራውተር ከሌለ ጥሪው መቆራረጡ አይቀርም" ይላል፤ ይህም ልክ ነው። የወረፋ አስተዳደሩም ዋጋ አለው። እንዲሠራ ከመስመሩ ትክክለኛ ፍጥነት 5 ወይም 10 በመቶ ያህል መተው ያስፈልጋል፤ የራውተሩ አንጎል ደካማ ከሆነም ፈጣን መስመርን ያንቀዋል። ለፊልም ብቻ ለሚጠቀም ቤት ይህ ልውውጥ ላያዋጣ ይችላል። ጥሪ፣ ስብሰባና ትምህርት ለሚበዛበት ቤት ግን አሥር በመቶ ሰጥቶ የማይቆራረጥ ድምፅ ማግኘት ትርፍ ነው።

ከደጅ ውጭ ያለው

የሁለቱም ምክር የማይደርስበት ክፍል ደግሞ አለ። የመዳብ መስመር ከጣቢያው በራቀ ቁጥር ይዳከማል፤ ከጣቢያው አራትና አምስት ኪሎ ሜትር የራቀ ቤት የሚያገኘው ጥቂት ሜጋ ቢት ብቻ ነው። እዚያ ቤት ከፍተኛ የኤዲኤስኤል ፓኬጅ መግዛት ትርጉም የለውም፤ ሽቦው አይሸከመውም። ፋይበርም ቢሆን የጋራ ነው። በስፋት የሚሠራበት ጂፖን የሚባለው ቴክኖሎጂ 2.5 ጊጋ ቢት ያህሉን በተለምዶ ለ32 ወይም ለ64 ቤቶች ያካፍላል። ጎረቤቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተጠቀመ፣ ከጣቢያው በላይ ያለው መስመርም ከጠበበ፣ ማታ ማታ መንቀራፈፍ ይመጣል።

ኢትዮጵያ ወደብ አልባ በመሆኗ ወደ ዓለም የምትገናኘው በጎረቤቶቿ በኩል በሚያልፉ መስመሮች ነው፤ ዋናው በር ጅቡቲ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ሥር የሚያልፉ ኬብሎች ተቆረጡ። በዚያው ዓመት ግንቦት ወር ደግሞ የምሥራቅ አፍሪካን ጠረፍ ይዘው የሚወርዱት ኢሲና ሲኮም የተባሉት ኬብሎች በአንድ ቀን ተጎድተው በክልሉ ብዙ አገሮች ኢንተርኔት ተንቀራፈፈ። በከተማ ውስጥም የመንገድ ቁፋሮ ፋይበር ሲቆርጥ እናያለን። እንዲህ ባለ ቀን ራውተር የሚቀይር ሰውም፣ ፓኬጅ የሚያሳድግ ሰውም ለችግሩ ምንም አላደረገም። ትልልቅ የቪዲዮ ኩባንያዎች ፊልሞቻቸውን በየአገሩ ቴሌኮም ውስጥ በተተከሉ ማከማቻዎች ስለሚያስቀምጡ፣ ዩቲዩብ እየሠራ ሌላ ድረ ገጽ እምቢ የሚልበት አጋጣሚ ይኖራል። ይህ ምልክት ሲታይ ችግሩ ከቤት መራቁን መጠርጠር ይገባል።

አማራጭ መኖሩም ሚዛኑን ይለውጠዋል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2022 አገልግሎቱን በአገር ደረጃ ካስጀመረ ወዲህ፣ ኢትዮ ቴሌኮምም 5ጂን ካስገባ ወዲህ፣ በሲም የሚሠራ የቤት ራውተር ለብዙ ሰው አማራጭ ሆኗል። የመዳብ መስመሩ ለደከመበት ቤት ይህ መፍትሔ ሊሆን ይችላል። ለሁለት መስመር መክፈል ለሚችልና ሥራው በኢንተርኔት ለሆነ ሰውም መጠባበቂያ ይሆነዋል። ነገር ግን የሞባይል አየርም የሰፈር ሁሉ የጋራ ንብረት ነው፤ ጥራቱም ከማማው ርቀትና ከሰዓቱ ጋር ይለዋወጣል። ከመግዛት በፊት በዚያው ቤት፣ በዚያው ሰዓት በስልክ መሞከር ይሻላል።

ዳኛው ልኬት ነው

እንግዲህ ሁለቱም ወገን በየቦታው ልክ ከሆነ፣ አንድ ቤተሰብ እንዴት ይወስን? በእኔ እምነት መልሱ በቅደም ተከተል ላይ ነው። መጀመሪያ ላፕቶፕ ከራውተሩ ጋር በገመድ አገናኝቶ፣ ሌሎቹን መሣሪያዎች አጥፍቶ ፍጥነቱን መለካት ያስፈልጋል። ይህ ልኬት ዋይፋዩን ከጥያቄው ያወጣዋል። አንድ ጊዜ ጠዋት፣ አንድ ጊዜ ማታ መለካት አለበት። የፍጥነት መለኪያ መተግበሪያዎች ብዙ ጊዜ የሚመርጡት ቅርብ ያለ፣ አንዳንዴም የድርጅቱ የራሱ የሆነ ሰርቨር ስለሆነ፣ ሩቅ አገር ያለ ሰርቨር መርጦ መድገም የአራተኛውን ክፍል ሁኔታ ያሳያል። ከዚያ ልጆቹ በሚያጠኑበት ክፍል በዋይፋይ ይለካ። በመጨረሻ አንድ ሰው ትልቅ ፋይል እየላከ ሳለ ፒንጉ ስንት እንደሚደርስ ይታይ።

ውጤቱ ራሱ ይናገራል። በገመድ ሲለካ የተገዛው ፍጥነት ከሞላ፣ በዋይፋይ ሲለካ ግን ከወረደ፣ ጠባቡ ክፍል ቤቱ ነው፤ ፓኬጅ ማሳደግ ብክነት ነው። በገመድም በዋይፋይም ሙሉ ፍጥነቱ እየደረሰ ቤተሰቡ ግን ካልበቃው፣ የፍላጎቱ ድምር ከፓኬጁ በልጧል፤ ፓኬጁ ይደግ። ባዶ ሲሆን ፒንጉ 40 ሚሊ ሰከንድ የነበረ መስመር ፋይል ሲጫን 400 ወይም 800 ከገባ፣ ወረፋ የሚያስተዳድር ራውተር ያስፈልጋል። ገመዱና ራውተሩ ደህና ሆነው በገመድ ሲለካ ራሱ ከተገዛው በታች ከሆነ ወይም ጠዋት ሞልቶ ማታ ከወደቀ፣ ጥፋቱ ከደጅ ውጭ ነው፤ ያኔ መሄድ ወደ ድርጅቱ ነው። በገመድ የተለካ፣ ሰዓቱና ቀኑ የተጻፈበት ማስረጃ ይዞ የቀረበ ደንበኛ "ራውተርዎን አጥፍተው ያብሩት" በሚል መልስ በቀላሉ አይሸኝም። ድርጅቱ ካልሰማም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጠቃሚን መብት የማስጠበቅ ሥራ አለበት።

ድርጅቶቹም ድርሻቸውን ይወጡ። ፓኬጅ የሚሸጥ ሰው ትልቁን ፓኬጅ መሸጥ ጥቅሙ ነው፤ ራውተር የሚሸጥም አዲስ ራውተር መሸጥ ጥቅሙ ነው። በመካከል ያለው ደንበኛ እውነቱን የሚያውቅበት መንገድ ሊመቻችለት ይገባል። ቴክኒሻን መስመር ሲተክል በገመድ ለክቶ ውጤቱን ለደንበኛው ፈርሞ ቢሰጥ፣ ራውተሩንም ገመዱ ከገባበት ጥግ አውጥቶ ቤተሰቡ በሚጠቀምበት ቦታ ቢያስቀምጥ፣ ከቅሬታው ብዙው በመጀመሪያው ቀን ይቀንስ ነበር። ማስታወቂያዎችም "እስከ" ከሚለው ከፍተኛ ቁጥር ጎን በማታው ሰዓት የሚጠበቀውን ፍጥነት ቢገልጹ ደንበኛው በእውቀት ይገዛል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ከጥቂት ሜጋ ቢት በማይዘል የመዳብ መስመር ላይ ብዙ ሆኖ ለሚኖር ቤተሰብ ፓኬጅና ፋይበር ይቅደም፤ እዚያ ቤት ራውተር ማዟዟር ጊዜ ማባከን ነው። ፋይበር ለገባለትና 20 እና 30 ሜጋ ቢት ለሚያገኘው ቤት ግን መጀመሪያ ቤቱ ይስተካከል፤ ከዚያ ወረፋው ይስተካከል፤ ፓኬጁ የሚያድገው ከሁለቱ በኋላ፣ አሁንም ካልበቃ ብቻ ነው። የሚቀጥለውን ወር ክፍያ ከማሳደግዎ በፊት አንድ ምሽት ራውተርዎን በገመድ ይለኩ፤ ቁጥሩን ይጻፉት፤ ገንዘብዎን የሚያወጡትም ቁጥሩ ባመለከተው ክፍል ላይ ይሁን።